ስለ ሁለት አሮጌ ላፕቶፖችና ስለ አንዲት ገመድ

ሰው በዕድሜው ሙሉ ከሰበሰበው ነገር ጥቂቱን ለልጆቹ ለማቆየት ይደክማል። በአባቶቻችን ዘመን ይህ የሚቆየው ነገር የሚቀመጠው በሣጥን ነበር። የመሬቱ ውል፥ የጋብቻው ወረቀት፥ ከሩቅ አገር የመጣ የዘመድ ደብዳቤ፥ ፎቶግራፍም ካለ እርሱ ጭምር፥ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣጥኑ ግርጌ ይኖር ነበር። የሣጥኑም ቁልፍ በእናት መቀነት ጫፍ ስለሚታሰር፥ የቤተሰቡ ሀብት የት እንዳለ ልጅ ዐዋቂው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ዛሬ በብዙ ቤት ያ ሣጥን ላፕቶፕ ሆኖአል። የልጆች የጥምቀትና የሠርግ ፎቶግራፍ፥ የቤቱ ካርታ ቅጂ፥ የትምህርት ማስረጃ፥ የሞቱ ዘመዶች ድምፅ ሳይቀር በእርሱ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ሣጥን ሲያረጅ እንጨቱ ይሰነጠቃል እንጂ በውስጡ ያለው ወረቀት አብሮት አይሞትም። ላፕቶፕ ግን አንድ ቀን ጠዋት አልነሣም ያለ እንደ ሆነ፥ በውስጡ ያለው ሁሉ ከእርሱ ጋር ሊቀበር ይችላል። አስቀድሞ ወደ ሌላ ያልተገለበጠ ነገር፥ ሳይጠፋ እንደ ጠፋ የሚቈጠረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ልናገር ያሰብሁት፥ ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ወደ ሌላ አሮጌ ላፕቶፕ፥ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ፍላሽ፥ በአንዲት ገመድ ብቻ ፋይል በቀጥታ ስለ ማሻገር ነው። ነገሩ ለባለሙያ የተተወ ይመስላል። ይሁን እንጂ ትዕግሥት ያለው ማንኛውም የቤት አባወራ ወይም እመቤት ሊያደርገው የሚቻል መሆኑን በራሳችን ቤተሰብ አይቼዋለሁ።

ቤተሰቦቼ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ በሦስት ከተሞች ተበትነው ይኖራሉ። እኔ በጅማ መንገድ በሰበታ አስተምራለሁ። የሟቹ የታላቅ ወንድሜ ባለቤት በአምቦ መንገድ በቡራዩ ናቸው። ልጃቸው ደግሞ እንጦጦን ተሻግራ፥ በጎጃም መንገድ በሱሉልታ መምህርት ናት። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ዳሩ ግን የአስተዳደር አንድነት መንገድን አያሳጥርም። ከሰበታ ተነሥቶ ዓለም ገናን አልፎ፥ ከተማውን አቋርጦ፥ ከዚያም በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ሰው የቀኑን እኩሌታ በታክሲ ሰልፍና በመንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የአንዱ ቤት ነገር ለሌላው ቤት ሩቅ ነው።

ወንድሜ የሒሳብ መምህር ነበር። ከሥራው በተረፈው ጊዜ የቤተሰባችንን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ እየጠየቀና እየመዘገበ በላፕቶፑ ጽፎት ነበር። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ እናታችን ስለ ልጅነቷና ስለ ትዳሯ ስታጫውተው፥ ድምፅዋን በስልኩ ቀድቶ በዚያው ላፕቶፕ አስቀመጠው። በዓመቱ እናታችን ዐረፈች። ወንድሜም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተላት። የእናታችን ድምፅና የሰባት ቤት ትውልዳችን በዚያች በአንዲት ላፕቶፕ ብቻ ቀሩ ማለት ነው።

ላፕቶፗም አርጅታለች። ባትሪዋ ከሞተ ቈይቶአል፤ ስለዚህ መብራት ብልጭ ባለ ቍጥር ድርግም ትላለች። ማጠፊያዋ ተሰብሮ ክዳኗ በግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በውስጧ ያለው ሃርድ ዲስክ ቋ፥ ቋ የሚል ድምፅ ማሰማት መጀመሩ ነበር። ሃርድ ዲስክ ማለት በፍጥነት የሚሽከረከር ሰሌዳና በላዩ የሚመላለስ እንደ መርፌ የቀጠነ ማንበቢያ ያለው ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ መጨረሻው መቅረቡን ያስጠነቅቃል። እትዬ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ቢወስዷት፥ «ፎርማት ብትደረግ ደኅና ትሆናለች» አሏቸው። እርሳቸውም ፎርማት ማለት ምን እንደ ሆነ ጠየቁ። በውስጧ ያለው ሁሉ ይጠረጋል ማለት መሆኑን በሰሙ ጊዜ፥ ላፕቶፗን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ቤት መለሷት። ከዚያም ወደ እኔ ደውለው፥ «ወንድሜ፥ የእማማን ድምፅ ሊጠርጉብኝ ነበር፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» አሉኝ።

የወንድሜ ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታ ነበር። ያሰብነውም የቡራዩን ወደ ሱሉልታዋ ለማሻገር ነው። በመጀመሪያ የታሰበን ፍላሽ ነበር። ይሁን እንጂ የሚሻገረው ሁሉ ተደምሮ 60 ጊጋባይት ያህል ሲሆን፥ በእጃችን ያለው ፍላሽ የሚይዘው 8 ጊጋባይት ነው። ስምንት ጊዜ መሙላትና ስምንት ጊዜ ማራገፍ ሊያስፈልግ ነው። እያንዳንዱም ፋይል አንድ ጊዜ ወደ ፍላሹ፥ አንድ ጊዜ ከፍላሹ፥ ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። በዚህ ላይ ብዙ ፍላሽ የሚቀረጸው ከ4 ጊጋባይት የሚበልጠውን አንድ ፋይል በማይቀበል ሥርዓት ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት፥ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቢሮ የሚዞር ፍላሽም ምን ይዞ እንደሚመጣ እናውቃለን። ፎልደሮቹን ሸሽጎ በምትካቸው ባዶ አቋራጭ የሚያሳየው ቫይረስ ያልገባበት መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ ኢንተርኔት ነበር። 60 ጊጋባይት በሞባይል ጥቅል መላክ ለአንዲት መምህርት ደመወዝ የሚቻል አይደለም። መሥመሩም ሁልጊዜ አለ ተብሎ የሚታመን አይደለም። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገሪቱ ሲቋረጥ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ እንደ ቈየ ሁላችን እናስታውሳለን። ያን ጊዜ በቡራዩና በሱሉልታ መካከል አንዲት ፎቶግራፍ ለመላክ የሚቻለው በሰው እጅ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ የኔትወርክ ገመድ ነው። ይህ ገመድ፥ የቢሮ ኮምፒዩተሮች የሚያያዙበት፥ ጫፉ የቤት ስልክ መሰኪያ የሚመስል ግን ሰፋ ያለ፥ በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉበት ነው። ኤተርኔት የተባለውን ይህን የማያያዣ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሰበው በአሜሪካ አገር በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ቤት ይሠራ የነበረው ሮበርት ሜትካልፍ ነው። በአሮጌ ላፕቶፖች ጎን ይህ መሰኪያ አይታጣም። በዛሬዎቹ ስስ ላፕቶፖች ግን ብዙውን ጊዜ የለም። በዚህ ነገር አሮጌው ከአዲሱ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት በሆነ ተራ የዩኤስቢ ገመድ ሁለት ላፕቶፖችን ማያያዝ አይገባም። ሁለቱም በዚያ መሰኪያ ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ስለ ሆኑ፥ ፋይል የማይሻገር ከመሆኑም በላይ ዕቃውን ሊጎዳ ይችላል።

በአንድ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ልጅቱ ላፕቶፕዋን ይዛ ወደ ቡራዩ መጣች፤ እኔም ሦስት ሜትር የሚሆን ገመድ ከሰበታ ይዤ ደረስሁ። ሁለቱን ላፕቶፖች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ገመዱን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ሰካን። ሁለቱም መሰኪያዎች በጣም አሮጌ የሆኑ እንደ ሆነ፥ ሽቦዎቹ በአንድ ጫፍ ቦታ የተለዋወጡበት መስቀለኛ ገመድ ያስፈልግ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ግን የጊጋቢት መሰኪያ ያለው ከሆነ፥ ልዩነቱን ራሱ ዐውቆ ስለሚያስተካክል ተራው ገመድ ይበቃል። የልጅቱ እንደዚህ ያለ ነበር።

ከዚህ በኋላ ዋይፋዩን ዘግተን ለሁለቱም አድራሻ ሰጠናቸው። ሁለት ሰዎች ደብዳቤ ለመጻጻፍ የፖስታ ቍጥር እንደሚያስፈልጋቸው፥ ላፕቶፖችም ለመነጋገር ቍጥር ያስፈልጋቸዋል። ለአሮጌዋ 192.168.10.1፥ ለሁለተኛዋ 192.168.10.2 ብለን፥ በሁለቱም መለያውን 255.255.255.0 አደረግን። ቀጥሎም በአሮጌዋ ላይ የሚሻገሩትን ፎልደሮች ለመጋራት ከፈትናቸው። ነገር ግን ሌላው ወገን እንዲያነብ እንጂ እንዲያጠፋ ወይም እንዲለውጥ አልፈቀድንም። ፋየርዎል የተባለው የመከላከያ ፕሮግራም በዚህ ገመድ ላይ ፋይል መጋራትን እንዲያሳልፍ አደረግን። በልጅቱ ላፕቶፕ ላይም ሁለት ወደ ኋላ የተጋደሙ ሰረዞችን አስቀድመን የአሮጌዋን አድራሻ ስንጽፍ፥ ስምና የይለፍ ቃል ጠይቆ የወንድሜን ፎልደሮች ዘረዘረልን። እትዬ የባለቤታቸውን የፎልደር ስሞች በልጃቸው ላፕቶፕ ላይ ባዩ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩ። «የትምህርት ማስታወሻ»፥ «የእማማ ወሬ»፥ «ሰባት ቤት» ይላል።

አሮጌዋ ዊንዶውስ 7 ነበራት። የዚያ ድጋፍ በጥር ወር 2012 ዓ.ም. አብቅቶአልና ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘቱ አይመከርም። በገመድ ሲሆን ግን ሁለቱ ብቻቸውን ስለሚነጋገሩ ከውጭ የሚገባ የለም። ከሁለቱ አንዱ ከዚያም የቀደመው ዊንዶውስ ኤክስፒ የሆነ እንደ ሆነ ችግር ይመጣል። እርሱ የሚናገርበት የፋይል መጋሪያ ቋንቋ ለደኅንነት የማያስተማምን ስለ ሆነ፥ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ በወጡት የዊንዶውስ 10 ዓይነቶች ላይ ተዘግቶ ይመጣል። ያን ጊዜ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በማቀፊያ አድርጎ በዩኤስቢ መሰካት የሚሻል ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥያቄ የገመድ ጥያቄ አልነበረም። ዲስኩ ይንቋቋል፤ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል። ሁሉ ከመሻገሩ በፊት ላፕቶፗ ብትሞት፥ አስቀድሞ የተሻገረው ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለየትኛው ነው? ልጅቱ፥ «ጋሼ፥ የቤቱ ካርታ ይቅደም፤ እርሱ ንብረት ነው» አለች። እትዬ ግን፥ «የካርታው ዋናው ወረቀት በእጃችን አለ፤ ማዘጋጃ ቤትም ሌላ ቅጂ ይኖረዋል። የአያትሽን ድምፅ ግን ማን ይሰጠናል?» ብለው መለሱላት። ከዚህ የሚሻል ሥርዓት የሚያወጣ ባለሙያ አላውቅም። በመጀመሪያ፥ ከሌላ ስፍራ ከቶ የማይገኘው፤ ቀጥሎ፥ በድካም የሚገኘው፤ በመጨረሻም ፊልምና ዘፈን የመሰለው በየስፍራው የሚገኝ ነገር።

በዚህም ተራ ጀመርን። የገለበጥነውም ኮፒ በማድረግ እንጂ ከት በማድረግ አይደለም። ከት የተደረገ ነገር ከመጀመሪያው ስፍራ የሚለቅ ስለ ሆነ፥ በመካከል ችግር ቢደርስ ሁለቱንም ሊያሳጣ ይችላል። የእማማ ድምፅ 200 ሜጋባይት አይሞላም ነበርና ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይፈጅ ተሻገረ። የአሮጌዋ መሰኪያ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ሲሆን፥ ይህ በሥራ ላይ 11 ሜጋባይት ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት 60 ጊጋባይት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በአሮጌ ዋይፋይ ግን በሴኮንድ 2 ወይም 3 ሜጋባይት ብቻ ስለሚያልፍ ስድስት ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ በጠበቅን ነበር።

በመካከሉ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ አሮጌዋም ሁለት ጊዜ ድርግም አለች። ነገር ግን ሥራውን በትንንሽ ፎልደር ከፋፍለነው ስለ ነበር የተበላሸው በጥቂቱ ብቻ ነው። መብራት ሲመለስም ሮቦኮፒ የተባለውን፥ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን ትእዛዝ ተጠቀምን። እርሱ የተሻገረውን ፋይል አልፎ ከቀረው ይቀጥላል። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ሁሉ ተፈጸመ።

ይሁን እንጂ መገልበጥ ማለት ሥራው ተጠናቀቀ ማለት አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደግን ሰዎች እንደምናውቀው፥ ጸሐፊ ብራናውን ገልብጦ ሲጨርስ ቅጂውን ከዋናው ጋር ያስተያያል። ያልታረመ ቅጂ ስሕተትን ለትውልድ ያስተላልፋልና። ይኸው ልማድ ለላፕቶፕም ይሠራል። የሁለቱን ፎልደሮች የፋይል ብዛትና ክብደት አስተያየን። ከየፎልደሩም ከመጀመሪያው፥ ከመካከሉና ከመጨረሻው ጥቂት ጥቂት ከፈትን። የእማማን ድምፅ ግን እስከ ፍጻሜው ሰማነው። ይህንስ ያደረግነው ለማስተያየት ብቻ አልነበረም።

የወንድሜን የትውልድ መዝገብ በከፈትን ጊዜ ግን የታየው የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ተዘበራርቆ ነው። ልጅቱ፥ «ተበላሽቶአል!» ብላ ደነገጠች። ፋይሉ ግን አልተበላሸም። የቀደሙት የአማርኛ መጻፊያዎች፥ እንደ ፓወር ግዕዝና እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት፥ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ የፊደላችንን መልክ ያስቀምጡ ነበር። ያ መልክ፥ ማለት ፎንቱ፥ በሌለበት ላፕቶፕ ላይ ጽሑፉ ተመልሶ ላቲን ይመስላል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት የራሱን ቍጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዊንዶውስ ጋር ኒያላ በሚባል ፎንት አብሮ መምጣት የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተለመደውን መጻፊያ ብዙ ሰው ሳይተው ቈይቶአል፤ ወንድሜም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ስለዚህ ከአሮጌዋ የፎንት ፎልደር የጽሑፉን ፎንት ፈልገን አሻገርነውና ጫንነው። የሰባት ቤት ስምም በፊደላችን ተመልሶ ታየ። ያን ሌሊት አሮጌዋን ጥለናት ቢሆን ኖሮ፥ ጽሑፉ በእጃችን እያለ ማንበቢያው በጠፋብን ነበር። ልጅቱም ጽሑፉን ፎንቱን በውስጡ በሚይዝ በፒዲኤፍ አስቀምጣ፥ በዩኒኮድ እንደ ገና ልትጽፈው ጀምራለች።

ቅርስን በቅጂ የማትረፍ ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ኤተርኔት በታሰበበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1973፥ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፥ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ ብዙ ሺህ መጻሕፍት ተነሥተው፥ ፊልሙ አንዱ በአዲስ አበባ፥ አንዱ በአሜሪካ በሚኔሶታ ክፍለ ሀገር በኮሌጅቪል ተቀመጠ። በዚያም ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት መጻሕፍቱን ሲመረምሩና ሲመዘግቡ ኖሩ። የዚያ ሥራ ጥበብ መጽሐፉን ከባለቤቱ ሳይነጥቁ ቅጂውን በሁለት አገር ማኖር ነው።

እኛም በቤታችን መጠን ይህንኑ አደረግን። ዋናው በቡራዩ፥ ሁለተኛው በሱሉልታ ሆነ፤ ሦስተኛውን እኔ በትርፍ ሃርድ ዲስክ ገልብጬ በሰበታ አስቀመጥሁት። እሳት ወይም ሌባ በአንዱ ከተማ ቢመጣ በሦስቱም ባንድ ቀን አይመጣም። የመንገዱ ርቀት ስንመላለስ ቢያደክመንም፥ ለዚህ ነገር መከታ ሆነን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በቤታችሁ ያለችውን አሮጌ ላፕቶፕ ዛሬ ተመልከቱ። ስትከፈት ብዙ ትቈያለችን? ድምፅ ታሰማለችን? በውስጧስ ከሌላ ስፍራ የማይገኝ ምን አለ? ይህን ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ የትኛው እንደሚቀድም ከሁላችን ይልቅ እነርሱ ያውቃሉና። ከዚያም ሳትሞት ገልብጡ፥ የገለበጣችሁትን አስተያዩ፥ ፎንቱን አትርሱ፥ ዋናውንም ለማጥፋት አትቸኵሉ። ሃርድ ዲስክም ሆነ ፍላሽ ለዘለዓለም አይኖርምና፥ በየዓመቱ ለቤተሰቡ በሚመች በአንድ ቀን ሁሉንም ከፍቶ ማየት ይገባል። ገመዷ በመቶ የሚቈጠር ብር ብቻ ታወጣለች፤ ጊዜው ባለመቶ ሜጋቢት መሰኪያ ላላቸው ላፕቶፖች አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የሞተች ላፕቶፕን ግን ባለሙያ ቢጠግናት እንኳ፥ ዲስኳ ከተበላሸ በውስጧ የነበረውን ድምፅ የሚመልስ ዋጋ ላይገኝ ይችላል።